የማይታመን ክንድ

ማክሰኞ ጠዋት ጣይባ ሻሿን ልታስር እጇን ብታነሳ ክንዷ ከአገጯ በላይ አልሄድ አላት። እንደገና ሞከረች። ከክርኗ በላይ ያለው ሥጋ ሌሊቱን ሙሉ ሲወቀጥ ያደረ ይመስል አቃጠላት፤ ሻሹም ከጣቶቿ ሾልኮ ወለሉ ላይ ወደቀ።

ባሏ ሙህዲን አነሳውና ከኋላዋ ቆሞ አሰረላት። የሚኒባስ ሾፌር ነው። በዚህ ሰዓት ሳሪስ ደርሶ ለመመለስ ወረፋ መያዝ ነበረበት።

«ትናንት እንዲህ አላደረገሽም ነበር እኮ» አላት።

«ትናንት ትንሽ ነበር። ዛሬ ነው የባሰብኝ።»

«ገመዱን የጎተታችሁት እሁድ! ምን ዓይነት ሕመም ነው እያደር የሚብስ? በቃ ዛሬ ቅሪ።»

«ቀርቼ ምን ልበል? ‹ገመድ ጎትቼ ክንዴን አመመኝ› ልበል? ይቺን ቀን የሚጠብቅ ስንት ሰው እንዳለ አንተም ታውቃለህ።»

ሙህዲን ያውቃል።

ጣይባ አቃቂ ባለው የብረታ ብረት ፋብሪካ ውስጥ የክሬን ሠራተኛ ናት። የቀለጠ ብረት የሞላውን ትልቅ ባልዲ፣ ሠራተኛው ላድል የሚለውን፣ ከማቅለጫው ምድጃ አንስታ በሰዎች አናት ከፍታ እያሳለፈች ወደ አሸዋ ቅርጾቹ ታደርሳለች። ከእሷ በፊት ያቺን ካቢን የወጣች ሴት አልነበረችም። ያሠለጠኗት ጋሽ ገብረጻድቅ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በሙሉ ክሬን ላይ ያሳለፉ ሰው። ዓይናቸው ሲደክምባቸው አለቆቹ ፊት ቆመው «ሥራዬን የሚካፈለኝ ሰው ስጡኝ፤ ከዚህች ልጅ የተሻለ እጅ አላየሁም» ብለው ነበር። ያን ቀን የሳቀ ሰው ነበር። ያጉረመረመም ነበር። ጣይባ ከዚያ ወዲህ አንድም ነገር ጥላ አታውቅም፤ ግን አንድ ቀን ብትስት ስህተቱ የእሷ ብቻ ተደርጎ እንደማይቆጠር ልቧ ያውቀዋል።

የገመዱ ነገር ደግሞ እንዲህ ነው። ሚሌኒየሙ ሊገባ ወራት የቀሩበት ጊዜ ስለነበር የዚያ ዓመት የሠራተኞች ቀን ውድድር ደመቅ ብሏል። የፋብሪካው ሴቶች በገመድ ጉተታ ለዋንጫ አልፈዋል። አሠልጣኙ የማቅለጫ ክፍሉ ፎርማን ፀሐዩ ነው፤ ከጣይባ ጋር በአንድ ዘመን የተቀጠረ፣ ድምፁ ከማሽን በላይ የሚሰማ፣ መሸነፍ የማይወድ ሰው። እሁድ ከሰዓት ሴቶቹን ከፋብሪካው ጀርባ ባለው ሜዳ ከወንዶቹ ጋር አጋጠማቸው። ራሱም ከወንዶቹ መሃል ገባ፣ ሌላ ጊዜም ወደ ሴቶቹ ወገን እየዞረ ያዘ።

«እንድታሸንፏቸው አልፈልግም!» ይል ነበር። «እየጎተቷችሁም ቢሆን እንቢ በሉ! ክንዳችሁን ሊዘረጉት ሲሉ አትዘርጉላቸው!»

ጣይባ ከመጨረሻ ናት፤ ገመዱ ወገቧ ላይ የሚጠመጠመው እሷ ጋ ነው። ተረከዟ አፈሩን እያረሰ፣ ክንዷ ልታጠፍ እያለ በግድ እየተዘረጋ፣ ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ተጎተተች። ማታ ምንም አልተሰማት። እንደውም እየሳቀች ነው ቤቷ የገባችው።

ሙህዲን ፋብሪካው በር ላይ አወረዳትና ሄደ። ልብስ መቀየሪያው ውስጥ ክንዶቿን አወናጨፈቻቸው። መጀመሪያ ዕንባዋ መጣ። ደጋግማ ስታወናጭፋቸው ግን ሰውነቷ ሞቀ፣ ሕመሙም ለቀቅ አደረጋት። «አለፈልኝ» አለች በሆዷ፤ ቱታዋን ለብሳ ወጣች።

ማቅለጫ ክፍሉ ውስጥ ጭቅጭቅ ነበር። ሌሊት የዘነበው ዝናብ በጣሪያው ሽንቁር ገብቶ በምድጃውና በአሸዋ ቅርጾቹ መሃል ያለው መተላለፊያ ላይ ውሃ አቁሯል። ሠራተኞቹ ደረቅ አሸዋ ነስንሰውበታል። ጠርዙ ላይ ግን አሁንም ያብለጨልጫል። የቀለጠ ብረት ውሃ ሲነካ ምን እንደሚሆን እዚያ የሚሠራ ሁሉ ያውቃል። እንደ ቦምብ ነው የሚፈነዳው።

ጣይባ ፀሐዩን ጠጋ አለችው። «ስማ፣ ክንዴን ትንሽ ይዞኛል። ጋሽ ገብረጻድቅ የሉም እንዴ?»

«ቢሾፍቱ ልቅሶ ሄደዋል» አለ። ከዚያም ሳቀ። «ክንድሽን? የሁላችንም ክንድ እኮ ነው! እኔ ዛሬ ፊቴን መታጠብ አቅቶኝ ነበር። ይሄ ጥሩ ምልክት ነው፤ ጡንቻ እየሠራን ነው ማለት ነው። እስከ ዋንጫው ብረት ትሆኛለሽ።»

በአጠገባቸው ያለፈው ሰውዬ ፈገግ አለ። ጣይባ ቀጥላ ልትል የነበረውን ዋጠችው፤ መሰላሉን ይዛ ወደ ካቢኑ ወጣች።

ካቢኑ ውስጥ ሁለት እጀታዎች አሉ። የግራው ክሬኑን በሐዲዱ ላይ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይነዳዋል፤ የቀኙ መንጠቆውን ያነሳል፣ ያወርዳል። እጀታዎቹ ሲገፉ ቀጭ፣ ቀጭ የሚሉ ጥርሶች አሏቸው። የመጀመሪያው ጥርስ ላይ ክሬኑ እንደ ሽማግሌ ይራመዳል፣ የመጨረሻው ላይ ይሮጣል። ጣይባ ጥርሶቹን ቆጥራ አታውቅም። የምታየው ታች ያለውን መንጠቆና ምልክት የሚሰጣትን ፈቀደን ነው፤ እጇ የራሱን ሥራ ያውቃል።

ፈቀደ እጁን አነሳ። ላድሉ እየተንቀለቀለ ከምድጃው ሥር ብድግ አለ። ሙቀቱ እስከ ካቢኑ መስታወት ድረስ መጣ። ጣይባ ከፍታውን አስተካክላ ሲያበቃ የግራውን እጀታ ገፋ አደረገችው። በጣም በትንሹ፣ እንደ ሁልጊዜው።

ክሬኑ ዘለለ።

ላድሉ መጀመሪያ ወደ ኋላ ቀረ፤ ቀጥሎ እንደ ደወል ምላስ ወደ ፊት ተወረወረ። ጣይባ ልታቆመው እጀታውን ሳበችው። እሱም ከፈለገችው በላይ ሄደ፤ ክሬኑ ወደ ኋላ ተስፈነጠረና ውዝዋዜው ባሰ። ከላድሉ ከንፈር ላይ ቀይ ምላስ የመሰለ ብረት ተንጠልጥሎ ወደ ታች ወረደ፤ የወደቀውም አሸዋ ባልሸፈነው ጠርዝ ላይ ነበር።

ፍንዳታው ካቢኗን አንቀጠቀጠው። ነጭ እንፋሎት መተላለፊያውን ዋጠው፣ ፍንጣሪው እስከ ጣሪያው ተረጨ። ሰዎች ሲሮጡ አየች። ፈቀደ ግን ሲሮጥ አዳልጦት ወደቀ፤ ሲነሳ የሱሪው እግር ላይ እሳት ነበር። አንዱ ተወርውሮ በቆዳ ሽርጡ አፈነለት።

ጣይባ «አቁሜዋለሁ» አለች ለራሷ። «እጀታው መሃል ላይ ነው።» እጇም መሃል ላይ እንደሆነ ነበር የሚነግራት። ክሬኑ ግን እየተንፏቀቀ ነው። ዝቅ ብላ እጇን አየችው። እጀታው መሃል ላይ አልነበረም። አንጓዋ ወደ ጎን ዘንበል ብሎ፣ ጣቶቿ ጥርሱ ላይ ገፍተው ተቀምጠዋል።

የራሷ እጅ ያለበትን ቦታ የማታውቅ ሰው ሆና አታውቅም። ከፍንዳታው ይልቅ ይሄ ነው ያስደነገጣት።

ሁለቱንም እጆቿን አንስታ ጭኗ ላይ አደረገቻቸው። እጀታዎቹ በራሳቸው ወደ መሃል ተመለሱ፣ ፍሬኑ ያዘ፣ ክሬኑ ቆመ። ላድሉ ግን እየተወዛወዘ አየር ላይ ቀረ። ከእንፋሎቱ ውስጥ ፀሐዩ ብቅ አለ፤ እጁን ወደ አሸዋ ቅርጾቹ እየወረወረ «ቀጥይ! ቀጥይ!» ይላታል። ድምፁ አይሰማትም፤ ግን ምን እንደሚል ይገባታል። ብረቱ እየቀዘቀዘ ነው። ላድሉ ውስጥ ከረጋ ብረቱም ላድሉም ይበላሻሉ።

ቅርጾቹ ዙሪያ ሰዎች እንደ ጉንዳን ቆመዋል። ወደዚያ ለመድረስ ደግሞ በውሃው ላይ ማለፍ ግድ ነው። ከኋላዋ፣ ከምድጃው ጎን፣ ትርፍ ብረት የሚደፋበት ደረቅ የአሸዋ ጉድጓድ አለ። እዚያ ማንም የለም።

በጣቷ ጉድጓዱን አመለከተችው።

ፀሐዩ ራሱን ወዘወዘ። ሁለት እጆቹን አንስቶ ራሱ ላይ አደረጋቸው፤ መልሶ ወደ ቅርጾቹ ጠቆመ። ያ ሁሉ ብረት ሲደፋ! ጣይባ መልስ አልሰጠችውም። በእግሯ የማስጠንቀቂያውን ደወል ረገጠች፤ አልለቀቀችውም። ደወሉ ሲረዝም ሁሉም ከላድሉ መንገድ መውጣት አለበት፤ ያ ሕግ ነው። ሰዎቹ መጀመሪያ እያመነቱ፣ ኋላ እየሮጡ ወጡ።

ውዝዋዜው እስኪሞት ጠበቀች። ከዚያ የግራ ክርኗን ጉልበቷ ላይ አስደገፈች፣ ክንዷ በአየር ላይ እንዳይንሳፈፍ። ዓይኗን ከላድሉ ላይ አንስታ እጇ ላይ ተከለች። ገፋች። ምንም የገፋች አልመሰላትም። ቀጭ። «አንድ» አለች ጮክ ብላ። ቀና ብላ ላድሉን አየች፤ ተንቀሳቅሷል። ዝቅ ብላ እጇን አየች። መለሰችው። ቀጭ። መሃል። እንደገና።

እንደ ሕፃን ነው የሄደችው። ሕፃን እንኳ እግሩን እያየ አይሄድም። ላብ ዓይኗ ውስጥ ሲገባ ልትጠርገው አልደፈረችም፤ እጇን አንዴ ካነሳችው ተመልሶ የት እንደሚያርፍ እርግጠኛ አልነበረችም። ክንዷ «በቃ፣ ብዙ ገፍተሻል» ይላታል፤ ዓይኗ ደግሞ «ገና አልነካሽውም» ይላታል። ዓይኗን አመነች። ጆሮዋን አመነች። ክንዷን ግን እንደ ውሸታም ምስክር ችላ አለችው።

ላድሉ ጉድጓዱ ላይ ሲደርስ አወረደችው። የላድሉን መሽከርከሪያ ይዞ የሚያዘነብለው ሰው ያስፈልጋል፤ ማንም አልመጣም። መጨረሻ ላይ ፀሐዩ ራሱ፣ ፊቱ እንደ ብረቱ ቀልቶ፣ ጓንቱን አጥልቆ መጣና መሽከርከሪያውን ያዘ። ቀስ አድርጎ ሊያዞረው ሲሞክር ከላይ አየችው። ቀስ አላለም። መሽከርከሪያው በአንድ ጊዜ ዞሮ ብረቱ ተግተልትሎ ወጣ፤ ፀሐዩ ወደ ኋላ ዘሎ ለጥቂት አመለጠ። ቆሞ እጆቹን ተመለከታቸው፤ የሌላ ሰው እጅ የያዘ ይመስል ነበር።

ክንዷን ስላላመነችው መሰላሉን በደረቷ ተደግፋ ነው የወረደችው። ሰው ከቧት ቆመ።

«ምን ነካሽ?» አለ ፀሐዩ። «ሰው ልትጨርሺ ነበር፤ ደግሞ ያን ሁሉ ብረት ደፋሽ!»

«ክንዴ ይዋሻል» አለች።

«ምን?»

«ትንሽ ገፋሁ ስል ብዙ ይገፋል። መሃል ነኝ ሲለኝ መሃል አይደለም። ጠዋት ልነግርህ ነበር፤ ሳቅህብኝ። እኔም ዝም አልኩ። ዝም ማለት አልነበረብኝም።»

ከኋላ አንዱ «ድሮስ ሴት እዚያ ላይ...» ሲል ተሰማ። ጣይባ አልዞረችም። ዓይኗ ፈቀደ ላይ ነበር፤ ግድግዳውን ተደግፎ ጥርሱን ነክሷል።

የክሊኒኩ ነርስ ሲስተር አስካለማርያም ቦርሳቸውን ይዘው ደረሱ። ፋብሪካው ከመምጣታቸው በፊት ብዙ ዓመት በሆስፒታል የአጥንት ክፍል የሠሩ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሴት ናቸው። የፈቀደን እግር አጠቡ፣ ቀቡ፣ በፋሻ ሸፈኑት፤ ወደ ሆስፒታል የሚወስደው መኪና እስኪመጣ «ክንዴ ይዋሻል» የሚለውን ከሰው አፍ ሰምተው ኖሮ ወደ ጣይባ ዞሩ።

«እሁድ ምን ሠራችሁ?»

ነገረቻቸው።

«እየተጎተታችሁ ነው እንቢ ያላችሁት?»

«አዎ። እሱን ነበር የምንለማመደው።»

«ተቀመጪ። ዓይንሽን ጨፍኚ።» የቀኝ ክንዷን ከክርኗ አጥፈው አየር ላይ አቆሙት። «አሁን ግራሽን ልክ እንደዚህኛው አድርጊው። እኩል ሲሆን ንገሪኝ።»

ጣይባ ግራ ክንዷን አነሳች። «እኩል ነው» አለች። ዙሪያውን ጉርምርምታ ሆነ። ዓይኗን ስትገልጥ አንዱ ክንዷ ከሌላው በጣም ዝቅ ብሎ ነበር።

«ይሄማ የእሷ ብቻ ነው» አለ ፀሐዩ። ድምፁ ግን የቅድሙን ያህል አልጮኸም።

«አንተስ? ተቀመጥ።»

ሊቀመጥ አልፈለገም ነበር፤ ሁሉም ሲያየው ግን እንቢ ማለት አቃተው። ዓይኑን ጨፈነ። «እኩል» አለ። ማንም አልሳቀም። የእሱ ክንዶች ከጣይባም ብሰው ተራርቀው ነበር። ፈቀደ ከተቀመጠበት ሆኖ እሱም ክንዶቹን አነሳ፤ ማንም ሳያዘው ዓይኑን ጨፈነ፣ ገለጠ፣ አየ። እሱም እሁድ ገመድ ይዞ ነበር።

«ጡንቻ እያጠረ ሲሠራና እየተሳበ ሲታገል አንድ አይደለም» አሉ ሲስተር። «እየተሳበ ሲታገል ውስጡ ይሰነጣጠቃል፤ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ነው። ሕመሙ ወዲያው አይመጣም፤ በማግስቱ ይጀምርና በሦስተኛው ቀን ይብሳል። ሰው የሚያስበው ሕመሙን ብቻ ነው። አንጎላችሁ ግን እጃችሁ የት እንዳለና ምን ያህል እንደገፋ የሚያውቀው በላከው ትእዛዝና ከጡንቻው በሚመጣለት ወሬ ነው። የደከመ ጡንቻ ብዙ ትእዛዝ ይፈልጋል፤ የሚመልሰው ወሬም የተዛባ ነው። ያኔ ሒሳቡ ይፋለሳል።»

«ጠዋት እኮ ሰውነቴ ሲሞቅ ሕመሙ ለቆኝ ነበር» አለች ጣይባ።

«ሕመሙ ነዋ የለቀቀሽ። ጡንቻው አልዳነም።»

በማግስቱ ቴክኒክ ኃላፊው አቶ ሀብተሚካኤል ሁሉንም ሰበሰቡ። የተደፋው ብረት አናዷቸዋል፤ ጣይባን አስነስተው ጠየቋት፦ «ትናንት ያደረግሽውን፣ ብረቱን መድፋቱን ማለቴ ነው፣ ዛሬም ቢሆን ታደርጊዋለሽ?»

«አዎ። ጠዋት ግን መሰላሉን አልወጣም ነበር።»

ፀሐዩ ተነሳ፤ ሰው ፊት ጥፋቴ ነው ሲል ማንም ሰምቶት አያውቅም ነበር። «ልምምዱን ያዘዝኩት እኔ ነኝ» አለ። «ስትነግረኝ የሳቅኩትም እኔ ነኝ። ላድሉን ያዘነበልኩ ጊዜ ደግሞ የራሴ እጅ ሊያቃጥለኝ ነበር። እሷ ባትቆም ኖሮ ዛሬ እዚህ የተሰበሰብነው ለሌላ ነገር ነበር።» ተቀመጠ። ወሬው ግን በዚያ አላበቃም፤ የሴት ነገር እያሉ የሚያጉረመርሙ አሁንም አልጠፉም። ጣይባ ለጊዜው ከክሬን እንድትወርድ፣ ጋሽ ገብረጻድቅ እንዲተኳት ተወሰነ። ማቅለጫው ላይ የሚሠራ ሰው ሁሉ ደግሞ ከገመዱ ቡድን ወጣ። ለዋንጫው የቀረቡት ሴቶች ያለ ጣይባ ተሸነፉ።

እሷን ያስጨነቃት ግን ሌላ ነገር ነበር። ቅዳሜ ብርቱካን ገዝታ ከሙህዲን ጋር ፈቀደን ልትጠይቅ ሄደች። ቤታቸው ከድሮው ባቡር ሐዲድ ዳር ነው። በሩን የከፈቱት እናቱ ወይዘሮ አሰፋች ናቸው።

«ክሬኗን የምትነጂው አንቺ ነሽ?»

«አዎ፣ እማማ።»

«ልጄን ያቃጠልሽው?»

ሙህዲን ሊናገር አፉን ከፈተ። ጣይባ ቀደመችው። «አዎ። እኔ ነኝ።»

«እማዬ!» አለ ፈቀደ ከውስጥ። «ነገርኩሽ እኮ!»

ሴትዮዋ ልጃቸውን አልሰሙትም። ወደ ጣይባ ጠጋ ብለው ክንዷን ያዙና በአውራ ጣታቸው ከክርኗ በላይ ተጫኑት። አሁንም ትንሽ ያማት ነበር፤ ተሸማቀቀች።

«እዚህ ጋ ነው ያመመሽ?»

«እሱ ጋ ነው።»

«ታዲያ ለምን አጥብቀሽ አልተናገርሽም?»

«ፈርቼ ነው፣ እማማ። ሴቶች አይችሉም እንዳይሉን።»

«የልጄን እግርስ አልፈራሽም?»

የጣይባ ዕንባ ጉንጯ ላይ ወረደ፤ አልጠረገችውም። ወይዘሮ አሰፋች ቆመው አዩዋት፤ ረጅም ጊዜ አዩዋት። ከዚያ ብርቱካኑን ከእጇ ተቀበሉና ከበሩ ዞር አሉ። «ግቡ» አሉ። ይቅር ብያለሁ አላሉም፤ ጣይባም አልጠየቀቻቸውም። ፈቀደ አልጋው ላይ ቦታ ለቀቀላት፤ ሙህዲንና እሱ ስለ መንገድ መጨናነቅ እስኪበቃቸው ሲያወሩ እሷ ፋሻውን እያየች ተቀመጠች።

ክሬን ላይ እንድትመለስ ሲፈቀድላት ጋሽ ገብረጻድቅ መሰላሉ ሥር ቆመው ጠበቋት። ፀሐዩና ምልክት የሚሰጠው ሌላ ሰው ከበስተኋላ ቆመዋል። ፈቀደ ገና አልዳነም።

«ክንድሽስ?» አሏት።

ክሊኒክ ገብታ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ሲስተር አስካለማርያም ፊት ደጋግማ ክንዶቿን አስተካክላ ነው የመጣችው። ቢሆንም ወዲያው አልመለሰችላቸውም። ሁለቱንም አንስታ አየቻቸው።

«ዛሬ ደህና ነኝ» አለች። «ነገ ደህና ካልሆንኩ ነገ እነግርዎታለሁ፤ ሰው ቢስቅም ባይስቅም።»

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁና ከመሰላሉ ዞር አሉላት። ፀሐዩ ሰዎቹን ከመተላለፊያው አስወጣ፤ አንድም ጊዜ ሳይጮህ።